«ይሄን የባጃጅ ዘፈን ማን አስገባብን?»

የምክር ዓምድ

ደብዳቤው

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 26 ነው። ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁንም እዚሁ በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት የምሠራ ነኝ። ጉዳዬን ለሌላ ሰው ባወራው ቀልድ ይመስላል፤ እኔን ግን ሦስት ሳምንት እንቅልፍ ነስቶኛል።

አንድ ጓደኛ አለችኝ። ሽምብጥ ሰፈር በአንድ ግቢ ነው ያደግነው። እናቶቻችን ቡና አብረው ይጠጣሉ፤ እኛም እሷ ቤት በልተን እኛ ቤት እናድር ነበር። አሁን እሷ ጣና ዳር ጁስ ቤት ከፍታ ትሠራለች። ሥራ ሲለያየን ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ልማድ ጀመርን። በየቅዳሜው ማታ በቴሌግራም ሃያ ሃያ ዘፈን እንላላካለን፤ በሳምንቱ ውስጥ ሰምተን ለእያንዳንዱ ከአሥር ነጥብ እንሰጣለን።

እኔ የምልከው የድሮ ዘፈን፣ ኢትዮ ጃዝ፣ በጾም ጊዜ ደግሞ በገና ነው። የእሷ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ የሰርግ ዘፈን፣ እስክስታ፣ ኪቦርድ የበዛበት ችክችካ። እውነቱን ልናገርና አልችለውም። እሷ ለእኔ ሰባት ስምንት ስትሰጠኝ እኔ ሦስት፣ ቢበዛ አራት እሰጣታለሁ። የምሰማው ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው። የኢርፎኔ የቀኙ ጆሮ ከሞተ ስለቆየ በግራው ብቻ ነው የምሰማው። ሃያው እስኪያልቅ እንቅልፍ ስለሚወስደኝ የእያንዳንዱን የመጀመሪያ ደቂቃ ሰምቼ ነጥቤን እልካለሁ።

ከሦስት ሳምንት በፊት እሑድ አምስት ሆነን ቡና ስንጠጣ ስፒከሩ ላይ የተገናኘው የእሷ ስልክ ነበር። ጨዋታ መሐል «ይሄን የባጃጅ ዘፈን ማን አስገባብን?» ብዬ ብሉቱዙን አጠፋሁና የራሴን ከፈትሁ። ሁሉም ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ዘፈን አልላከችልኝም። ስደውል ታነሳለች፣ ትጫወታለች። «ዝርዝሩስ?» ስላት «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ትላለች። እኔ የላክሁላትን አይታዋለች፤ ነጥብ ግን የለም።

ምን ላድርግ? የማልወደውን ወደድሁ ብዬ ልዋሽ? ይቅርታ ብጠይቃት «ለዘፈን?» ብላ ትስቅብኝ ይሆን? ከሁሉም የሚያስፈራኝ ደግሞ ሌላ ነው። ጣዕማችን እንዲህ ከተራራቀ እኛስ ተለያይተን ይሆን እንዴ?

ስሜ ይቆየኝ፣ ከባሕር ዳር

መልሱ

እህቴ፣ ቀልድ አይመስልም። ሁለት ዓመት በየቅዳሜው ሲጠበቅ የኖረ ነገር ሲቀር ቅዳሜው ራሱ ጭር ይላል።

ከእሑዱ ልጀምር። «ባጃጅ» የምትለዋ ቃል ብቻዋን ብትሆን ጨዋታ ነበረች፣ ታልፍ ነበር። የከበደው ብሉቱዙን ማጥፋትሽ ነው። በአራት ሰው ፊት እሷ የከፈተችው ዘፈን መሐሉ ላይ ተቆርጦ የአንቺ ተተካ። መሳቋን እንደ ይቅርታ አትቁጠሪው። በሰው ፊት ሙድ ሲያዝብን አብረን ካልሳቅን ሌላ ምን መውጫ አለን? ብታኮርፍ «ለዘፈን አኮረፈች» ልትባል ነው። ስለዚህ ሳቀች፣ የሆዷን በሆዷ ይዛ ወደ ሥራዋ ሄደች፣ ቅዳሜ ሲመጣ ዝርዝሩን አስቀረች። ስልክሽን ማንሳቷንና መጫወቷን ግን ልብ በይው። ያስጠላሻት ቢሆን እሱም ይቀር ነበር። የራቀችው ከነጥቡ ይመስለኛል።

ነጥቡን ደግሞ አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽና አብረን እናስላው። በሁለት ዓመት ውስጥ 104 ቅዳሜ አለ፤ በሃያ ሲባዛ 2,080 ዘፈን ይመጣል። ለበዓልና ለሐዘን የተዘለለውን ብንቀንስ እንኳ ሁለት ሺህ ገደማ ጊዜ መርጣ ልካ፣ ሁለት ሺህ ገደማ ጊዜ ሦስት ወይም አራት አግኝታለች ማለት ነው። በትምህርት ቤት ቢሆን ክፍል ትደግም ነበር። አንቺ ነጥቡን የሰጠሽው ለዘፈኑ ነው፤ ዘፋኙ ግን አልሰማሽም፣ የሰማችው መራጯ ናት። የእሷ ሰባትና ስምንትስ ከየት ይመጣ ነበር? ምናልባት የድሮውንም በገናውንም ከልቧ ትወደው ይሆናል። ምናልባት ደግሞ አራቱ ለዘፈኑ፣ ቀሪው «ጓደኛዬ ናት የላከችው» ተብሎ የተጨመረ ነው። አንድ ቀን ጠይቀሻት ታውቂያለሽ?

እዚህ ላይ ሳልደባብቅ ልንገርሽ፤ «አልችለውም» ያልሽውን ዘፈን ገና አልሰማሽውም። ከአምስት ደረሰኝ አንዱን አይቶ ሒሳብ የሚዘጋ ባልደረባ ቢኖርሽ ምን ትይው ነበር? አምስት ደቂቃ ከሚፈጅ ዘፈን አንዱን ደቂቃ፣ እሱንም በግማሽ ጆሮ ሰምተሽ ነው የፈረድሽው።

የግማሹ ጆሮ ነገር የዋዛ አይደለም። በስቴሪዮ የተቀናበረ ዘፈን ግራውና ቀኙ እኩል አይደለም። ድምፃዊው፣ ከበሮውና ቤዙ አብዛኛውን ጊዜ መሐል ይቀመጣሉ፤ ማሲንቆው፣ ክራሩ፣ ዋሽንቱ፣ ተቀባዮቹና ጭብጨባው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይገፋሉ፣ ሁሉም በየቦታው ጥርት ብሎ እንዲሰማ። የቀኝ ጆሮሽ ሲሞት ወደ ቀኝ የተገፋው ይጠፋል ወይም ይደክማል። የሚቀርልሽ ድብደባው ነው፤ ከዚያ «ድብደባ ብቻ ነው» ትያለሽ። የሚገርመው ደግሞ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከተቀዱት የአገራችን ዘፈኖች ብዙዎቹ ሞኖ ናቸው፤ ግራውም ቀኙም አንድ ነው። ስለዚህ በሞተ ኢርፎን ስትሰሚ የአንቺ የድሮ ዘፈኖች ብዙም አይጎድሉም፣ የእሷ አዲሶቹ ግን ይጎድላሉ። ዳኛው ሳያውቅ ለአንድ ወገን እያደላ ነበር ማለት ነው።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ስልክሽ አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ግቢና አክሰሰቢሊቲ የሚለውን ክፈቺ፤ ድምፅን ወይም መስማትን በሚመለከተው ክፍል ውስጥ ሞኖ ኦዲዮ የሚል ማብሪያ ታገኛለሽ። ስታበሪው ግራና ቀኙ ተደምሮ በደህናው ጆሮ ይመጣልሻል። አይፎንም እዚያው አክሰሰቢሊቲ ውስጥ አለው። አዲስ ኢርፎን ስትገዢ መልሰሽ አጥፊው፤ ብዙ ሰው አብርቶት ይረሳና «አዲሱም ኢርፎን ድምፁ ጠፍጣፋ ነው» ይላል።

ወደ አንደኛው ደቂቃ ልመለስ። እስክስታ ብዙ ጊዜ እየተንደረደረ ነው የሚነሳው። መሣሪያው ብቻውን ይመጣል፣ ድምፃዊው ረጋ ብሎ ይገባል፣ ተቀባይ ይጨመራል፣ ጭብጨባው ይከተላል፤ ትከሻን የሚያስነሳው ክፍል ያለው ወደ መጨረሻው ነው። በመጀመሪያው ደቂቃ ኪቦርዱ መግቢያውን ገና እየጨረሰ ይሆናል። ግጥሙም እንዲሁ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፣ ይሄን ለአንቺ መንገር አያስፈልግም። ስንኙ ጥንድ ጥንድ እየሆነ ሲሄድ የመጀመሪያው መስመር ሜዳውን ያበጃል፣ ኅብረ ቃሉ፣ ሁለት ትርጉም የሚሸከመው ቃል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ላይ ነው የሚወድቀው። ተራ የፍቅር ግጥም የመሰለሽ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ስለ መሬት ወይም ስለ ስደት ሲያወራ ልታገኚው ትችያለሽ። ባታገኚም ደግሞ ሰምተሽ ነው ያጣሽው።

ሁለታችሁ በተለያየ ሰዓትና ቦታ እንደምትሰሙም አስቢ። አንቺ ማታ አልጋ ላይ ነሽ፤ ጸጥታ፣ ጨለማ፣ አንድ ጆሮ። እሷ ጁስ መፍጫው እያጓራ፣ ብርጭቆ እየተንኳኳ፣ አስተናጋጁ «ሁለት አቮካዶ፣ አንድ ስፕሪስ!» እያለ፣ በር ላይ ባጃጅ እየቆመ እየተነሳ ነው። እዚያ በገና ብትከፍት ምን የሚተርፍ ይመስልሻል? የበገና ድምፅ ዝቅ ያለ ነው፤ አሥሩ አውታሮች የሚነዝሩት በአውታሩና አውታሮቹን በሚሸከመው በርኩማ መካከል በምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ በእንዚራዋ ነው፤ ያ ንዝረት ጸጥታ ይፈልጋል። ከመፍጫው ጋር ሲደባለቅ ሌላ መፍጫ ይመስላል። ትንንሽ ስፒከር ደግሞ የታችኛውን ድምፅ ስለማያወጣው ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው። ጭብጨባ፣ ከፍ ያለ የሴት ድምፅና የሚቆርጥ ኪቦርድ ግን ጫጫታውን ሰንጥቀው ይወጣሉ። ጓደኛሽ ቀኑን ሙሉ በምትቆምበት ቤት የሚሠራውን ዘፈን ለይታ የምታውቅ ሰው ትመስለኛለች። ይሄም ጆሮ ይጠይቃል። «የባጃጅ ዘፈን» ብለሽ የሰደብሽው ነገር ሞተር እየጮኸ የሚሰማ ዘፈን ከሆነ ሥራውን በደንብ ሠርቷል።

«ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው» ያልሽውንም ቀላል ፈተና ላይ ማዋል ይቻላል። ችክችካው አንድ ስለሆነ ዘፈኑ ሁሉ አንድ ይመስላል፤ ምቱን ለጊዜው ረስተሽ ቅኝቱን፣ ዜማው የተሠራባቸውን ድምፆች፣ ፈልጊ። ትዝታ ነው? ባቲ ነው? አምባሰል ነው? አንቺሆዬ? ስልክሽ ላይ ማንኛውንም የፒያኖ መተግበሪያ አውርጂ። ጥቁሮቹ ቁልፎች ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት እየሆኑ ተደርድረዋል። ከሦስቱ የመጀመሪያውን መነሻ አድርጊና እሱን ጨምረሽ ወደ ቀኝ አምስት ጥቁር ንኪ፤ ትዝታ ሜጀር ማለት ያ ነው፣ ወዲያው ታውቂዋለሽ። ዘፈኑን እየሰማሽ ዜማው የሚያርፍበትን ድምፅ በአፍሽ ያዢ፣ ከዚያ ከአምስቱ ጥቁሮች ጋር ይሄድ እንደሆነ ሞክሪ። የዘፈኑ መነሻ ከፒያኖሽ መነሻ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ስለሚችል የምታወዳድሪው በድምፆቹ መካከል ያለውን ርቀት ነው። እስኪለመድ ያደናግራል፤ ሦስት አራት ዘፈን ላይ ስትሞክሪው ጆሮሽ ይከፈታል። የእሷን ሃያ ከጨረስሽ በኋላ የራስሽንም ሃያ በዚሁ መንገድ ፈትሺ። ከሃያው አሥራ አምስቱ በትዝታ የተቀኘ ሆኖ ቢገኝ አይግረምሽ፤ እሷም «የአንቺ ሁሉም አንድ ነው» ልትል ትችል ነበር፤ አላለችም።

ስለ ድሮ ዘፈንም አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክር ባይሆንም። የሙዚቃ አሳታሚው አምሐ እሸቴ የመንግሥትን የሸክላ ሞኖፖል ደፍሮ እ.ኤ.አ. በ1969 ማሳተም ሲጀምር ያወጣቸው ዘፈኖች ብዙዎቹ የአዲስ አበባ የምሽት ክበብ ሙዚቃ ነበሩ፣ የሚጨፈርባቸው። ኢትዮፒክስ በሚል ስም ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሲዲ ታትመው ዓለም ሲያዳምጣቸው ነው ዓይን ተጨፍኖ የሚሰሙ የሆኑት። ዛሬ አንቺ በጸጥታ የምትሰሚያቸው ያን ጊዜ ብርጭቆ ሲንኳኳ፣ ሰው ሲጮህ የሚሰሙ ነበሩ። ከጁስ ቤቱ ብዙም አይርቅም።

ይሄን ሁሉ ብዬሽ ግን ላትወጂው ትችያለሽ፤ መብትሽም ነው። ሙሉውን፣ በሁለት ጆሮ፣ በቀን ሰምተሽ አሁንም ኪቦርዱ ራስሽን የሚያምሽ ከሆነ ያ እውነተኛ ፍርድ ነው። ልዋሽ ወይ ላልሽው መልሴ አይሆንም ነው፤ ምክንያቱም ትነቃብሻለች። ሁለት ዓመት ሦስት ስትሰጪ ከርመሽ ከእሑዱ ማግስት ዘጠኝ ብትሰጪ ከአንገት በላይ መሆኑን ለማወቅ ጓደኛ መሆን እንኳ አያስፈልግም። በግድ እየደጋገሙ መስማትም ሁልጊዜ አይረዳም። ሮበርት ዛዮንትስ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጥናት ሰው ደጋግሞ ያገኘውን ነገር እየወደደው እንደሚሄድ አሳይቷል፤ ከመጀመሪያው ያስጠላን ነገር ሲደጋገም ግን ይበልጥ ሊያስጠላ እንደሚችል ከእሱ በኋላ የመጡት ታዝበዋል። ስለዚህ ሦስት ጊዜ በሦስት የተለያየ ቦታ መስማት ይበቃል። አንዱን ምግብ ስትሠሪ፣ አንዱን መንገድ ላይ፣ አንዱን ተቀምጠሽ። አዲሱንና የድሮውን ስታነጻጽሪ ደግሞ ድምፁን አስተካክይ። አዲሶቹ ጮክ ተደርገው ነው የሚቀናበሩት፤ የድሮው ዝቅ ያለ ነው። ቀን ላይ ጮክ ያለው የተሻለ ይመስለናል፣ ማታ አልጋ ላይ ግን ያው ጮክ ያለው ያናድደናል። የሁለቱ ድምፃውያን ድምፅ እኩል እስኪሰማሽ ድረስ ጮክ ያለውን ቀንሺ፣ ከዚያ ፍረጂ።

አሁን ወደሚደረገው እንምጣ። ይቅርታውን በቴሌግራም አታድርጊው፤ እዚያ የነበረው ሁሉ ነጥብ ስለነበር እሱም ነጥብ ይመስላል። ጁስ ቤቷ ሂጂ። ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ ይሻላል፣ የቁርሱ ወከባ አልፎ የምሳው ሳይጀምር። ጾም ላይ ከሆነ ጁስ ቤት ሊጨናነቅ ስለሚችል ወደ መዝጊያ ሰዓት አድርጊው። ስፕሪስሽን አዝዘሽ ሃያ ደቂቃ ያህል ዝም ብለሽ ተቀመጪ፣ የተከፈተውንም ስሚ። የትኛው ዘፈን ሲመጣ አስተናጋጁ እንደሚያፏጭ፣ የትኛው ሲመጣ እሷ ራሷ ድምፁን ከፍ እንደምታደርግ ተመልከቺ። እጇ ሲፈታ ጠጋ ብለሽ አጭር አድርገሽ ንገሪያት፦ «የዚያን እሑድ ዘፈንሽን ማጥፋቴ ነውር ነበር። በሰው ፊት ሙድ ያዝሁብሽ። ይቅር በይኝ።» እዚያ ላይ አቁሚ። «ግን ዘፈኑ እኮ…» የምትል ቃል ከአፍሽ ከወጣች ይቅርታው ተበላሸ። «አንቺም አንዳንዴ…» ካልሽም ያው ነው።

«ለዘፈን?» ብላ ብትስቅ የፈራሽው ደረሰ ማለት ነው፤ ያን ያህል ግን አያስፈራም። «ለማጥፋቴ ነው» በያትና ጁስሽን ጠጪ። ሳቋ የእሑዱ ዓይነት ሳቅ ይሁን ሌላ ዓይነት ፊቷን እያየሽ ስለሆነ ታውቂያለሽ፤ በስልክ አይታወቅም ነበር። ቅር ያላትን ካወጣች ደግሞ አትከላከይ። ምናልባት ከእሑዱ በፊት የተጠራቀመ ብዙ ይኖር ይሆናል፤ ሁለት ሺህ ገደማ ጊዜ የተሰጠ «ሦስት» አለና።

የዘፈን ልውውጡን ያን ዕለት አታንሺው። ሁለት ሦስት ቀን አሳድሪው፣ ከዚያ ሕጉን እንድትቀይሩ ጠይቂያት፣ እሷ ከፈለገች። የእኔ ሐሳብ የካሴት ሕግ ነው። የ60 ደቂቃ ካሴት በአንድ ፊቱ የሚይዘው 30 ደቂቃ ነበር፤ በአገራችን ዘፈን ርዝመት አምስት ወይም ስድስት ዘፈን ማለት ነው። አንዱን ፊት እሷ፣ አንዱን ፊት አንቺ ሙሉ። ሃያ ዘፈን ሲላክ ሰው አይመርጥም፣ ያገኘውን ያጉራል፤ ተቀባዩም እንደ አንቺ እየዘለለ ይሰማል። ስድስት ሲሆን ላኪዋ ታስባለች፣ ተቀባይዋም ትጨርሳለች። ለእያንዳንዱ ፊት የት እንደሚሰማ ስም ስጡት፤ «መብራት ሲጠፋ»፣ «ጁስ ቤት፣ ጠዋት»፣ «ለባጃጅ መንገድ»። የመጨረሻዋን ስም እሷ ራሷ ካወጣችው ቁስሉ ድኗል ማለት ነው፤ አንቺ ግን አታውጪው።

ከአሥር የሚሰጠውን ነጥብ ጣሉት። በምትኩ ከሰማሽው ላይ አንዷን ሰከንድ ጥቀሺ፣ የት ሆነሽ እንደሰማሽው ንገሪያት፣ አንድ ጥያቄ ጠይቂያት። ለምሳሌ እንዲህ፦ «አራተኛውን ከቢሮ ስወጣ በእግሬ እየሄድሁ ሰማሁት። 2:40 ላይ ሁሉም ዝም ብሎ ማሲንቆው ብቻውን ሲቀር ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ የመጣው ኪቦርድ ግን ከበደኝ። አንቺ ይሄን የምትከፍችው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» አየሽ፣ አልወደድሁትም ብለሻታል፤ ግን ከዚህ በኋላ የምታወሩት ነገር አላችሁ። «3/10» ተብሎ ለተላከ ሰው ምን ብሎ ይመለሳል?

ስለ ፋይሉም ተጠንቀቁ፤ በዘፈኑ የሚሳበበው ብዙ ጊዜ የፋይሉ ጥፋት ነው። በሰከንድ በ128 ኪሎቢት ጥራት የተቀመጠ የአምስት ደቂቃ ዘፈን 4.8 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፣ በ320 ከሆነ 12። ስድስት ዘፈን በከፍተኛው ጥራት 72 ሜጋ ነው፤ ሃያው ግን 240 ይበላሽ ነበር። የአምስት ደቂቃ ዘፈን ከ3 ሜጋ በታች ሆኖ ከመጣ ከቻናል ቻናል ሲዞር የተጨመቀ ነውና ሌላ ቅጂ ጠይቂያት። ቴሌግራም በፋይል የተላከን ሙዚቃ አይጨምቀውም፤ ከአንድ ስልክ እየተጫወተ በሌላው በድምፅ መልእክት የተቀዳ ዘፈን ግን ቆርቆሮ ነው፣ እሱን ሰምቶ መፍረድ አይቻልም። ስማቸውን 01፣ 02 እያላችሁ ጻፉት። መራጭዋ ያሰበችው ቅደም ተከተል ከጠፋ ከምርጫው ግማሹ ጠፋ።

«ተለያይተን ይሆን?» ያልሽው ላይ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከዘፈን ውጪ በመጨረሻ ምን አወራችሁ? ጁስ ቤቱ ኪራይ ጨመረባት? እናቷ እንዴት ናቸው? በደብዳቤሽ ስለ ዘፈኖቿ ብዙ ነገርሽን፤ ስለ እሷ ያወቅሁት ጁስ እንደምትሸጥ ብቻ ነው። ሁለት ሰው አንድ ጣዕም ሳይኖረው ዕድሜ ልክ ይዋደዳል፤ አንዷ ዓሣ ጥብስ ሌላዋ ሽሮ እየበላች በአንድ ገበታ እንደሚቀመጡት። የቅዳሜው ልውውጥ ግን ቀስ በቀስ የመገናኛችሁን ቦታ ሁሉ ይዞት ከሆነ፣ ሲቋረጥ ሁሉም የተቋረጠ መስሎ የተሰማሽ ለዚያ ይሆናል። ምናልባትም ከእንግዲህ መላላክ አልፈልግም ትልሽ ይሆናል። ያኔ አትጫኛት። በሳምንት አንድ ረፋድ ጁስ ቤቷ መቀመጥ ከሃያ ዘፈን አያንስም።

በዚያ ረፋድ ልብሽ ከደፈረ አንድ ነገር አድርጊ። እሑድ ዕለት ያቋረጥሽው ዘፈን የትኛው እንደነበር ጠይቂያትና እንድትከፍተው ለምኛት። አንቺም እስኪያልቅ ስሚው።